ወደ ኩምብ ሜላ የሚጓዙ ሰዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሰሜን ሕንድ፣ በኡታር ፕራዴሽ ግዛት በምትገኘው በፕራያግራጅ ከተማ፣ እኛ ጋንጀስ የምንለው የጋንጋ ወንዝና የያሙና ወንዝ ይገናኛሉ። የሂንዱ እምነት ተከታዮች በዚሁ ቦታ በዓይን የማትታይ ሦስተኛ ወንዝ፣ ሳራስዋቲ፣ ከሁለቱ ጋር እንደምትቀላቀል ስለሚያምኑ መገናኛውን «ትሪቬኒ ሳንጋም» ይሉታል። እዚህ በየ12 ዓመቱ የሚከበረው ኩምብ ሜላ በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ሕዝብ ከሚሰበሰብባቸው ክብረ በዓላት ቀዳሚው ሲሆን፣ ከጃንዋሪ 13 እስከ ፌብሩዋሪ 26 ቀን 2025 በተካሄደው በዓል ወደ ውሃው የገባው ሰው በመንግሥት ቆጠራ ከ660 ሚሊዮን በላይ እንደነበር ተነግሯል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለዚህ በዓል የሚሰማ ሰው ብዙውን ጊዜ አንድ ትልቅ ቀን፣ አንድ ቅዱስ ሰዓትና አንድ የውሃ ዳር በሐሳቡ ይስላል። እውነቱ ግን በዓሉ ከስድስት ሳምንት በላይ የሚቆይ፣ የመታጠቢያ ዳርቻውም በሁለቱም ወንዞች ግራና ቀኝ ብዙ ኪሎ ሜትር የሚረዝም መሆኑ ነው። ቀጥሎ የማነሣቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ይህን ስፋት ካለመረዳት ነው፤ አንዳንዶቹም የሰው ሕይወት አስከፍለዋል።

ዓመቱንና ቦታውን ሳያጣሩ መነሣት

ኩምብ ሜላ በአንድ ከተማ ብቻ አይከበርም። በፕራያግራጅ፣ በጋንጋ ዳር በሃሪድዋር፣ በሺፕራ ወንዝ ዳር በኡጄይን፣ እንዲሁም በጎዳቫሪ ወንዝ ዳር በናሺክና በትሪምባኬሽዋር እየተፈራረቀ ይካሄዳል። በትውፊቱ መሠረት አማልክትና አጋንንት ውቅያኖስን ንጠው ያወጡት የሕያውነት መጠጥ ጠብታዎች የወደቁት በእነዚህ አራት ቦታዎች ነው። ተራው የሚወሰነው ጁፒተር፣ ፀሐይና ጨረቃ በሚይዙት ስፍራ በመሆኑ «በየ12 ዓመቱ» የሚለው አነጋገር ሁልጊዜ በትክክል አይሠራም፤ ለምሳሌ ሃሪድዋር በ2010 አክብራ ቀጣዩን በ2021፣ ማለትም በ11ኛው ዓመት አክብራለች። ከመታጠቢያ ቀኖቹም ውስጥ አብዛኞቹ የጨረቃን ዑደት ስለሚከተሉ ባለፈው በዓል ቀን ላይ ተመሥርቶ የአውሮፕላን ትኬት መቁረጥ አደገኛ ነው።

ቦታው ሲለወጥ የአየሩ ጠባይም አብሮ ይለወጣል። ፕራያግራጅ በብርድና በጭጋግ ወራት ያከብራል። በ2027 የሚጠበቀው የናሺክ በዓል ዋና መታጠቢያዎች በዝናብ ወቅት፣ በ2028 የሚጠበቀው የኡጄይን በዓል ደግሞ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሊያልፍ በሚችልበት በበጋ ወራት ይውላሉ። የአንዱን በዓል የጉዞ ምክር ለሌላው መጠቀም ብርድ ልብስ ተሸክሞ ሐሩር ውስጥ መግባት ይሆናል።

በፕራያግራጅ በየዓመቱ በዚሁ በወንዞቹ መገናኛ ማግ ሜላ የተባለ አነስ ያለ በዓል እንደሚካሄድ ብዙ የውጭ እንግዶች አያውቁም። የድንኳኑ ከተማ፣ ስብከቱ፣ የወር ሱባኤ የያዙት ምእመናን፣ ጀልባው ሁሉ በዚያም አለ። በእኔ እምነት መጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው፣ በተለይም ከልጆችና ከአረጋውያን ጋር ለሚጓዝ፣ ከታላቁ ኩምብ ይልቅ ማግ ሜላ ይሻላል።

የቢጫ ወባ ካርድን መርሳት

ይህ በቀጥታ የሚመለከተው ከኢትዮጵያ የሚነሣውን ተጓዥ ነው። ሕንድ ኢትዮጵያን የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች ተርታ ስለመደበቻት ከዚህ የሚሄድ ሰው የክትባት ካርድ እንዲያሳይ ይጠየቃል፤ ክትባቱም ሕጋዊ ዋጋ የሚኖረው ከተወሰደ 10 ቀን ሲሞላው ነው። ካርድ ሳይዝ የደረሰ ሰው ለብቻው ተለይቶ እንዲቆይ ሊደረግ ይችላል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ወይም በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖችም አገር ቤት ደርሰው በዚያው ሰሞን ወደ ሕንድ የሚያልፉ ከሆነ ደንቡ ይመለከታቸዋል።

ዋናውን ቀን መምረጥ

ከስህተቶቹ ሁሉ ከባዱ ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እመለከተዋለሁ። በዓሉ ውስጥ ከሌሎቹ የላቀ ቅድስና የሚሰጣቸው የመታጠቢያ ቀኖች አሉ። በ2025 ከእነዚህ ውስጥ ሦስቱ፣ ማለትም ማካር ሳንክራንቲ (ጃንዋሪ 14)፣ ማውኒ አማቫስያ (ጃንዋሪ 29) እና ባሳንት ፓንቻሚ (ፌብሩዋሪ 3)፣ የመነኮሳቱ ማኅበራት በሰልፍ ወደ ውሃው የሚወርዱባቸው ታላላቅ ቀኖች ነበሩ። ማውኒ አማቫስያ ጨረቃ የምትሰወርበትና ምእመናኑ በዝምታ የሚታጠቡበት ዕለት ሲሆን ከሁሉም በላይ ሕዝብ የሚጎርፍበት ነው።

ታሪኩን የሚያውቅ ሰው ለዚህ ቀን ሊጠነቀቅ ይገባዋል። በፌብሩዋሪ 3 ቀን 1954፣ ሕንድ ነፃ ከወጣች በኋላ በዚህችው ከተማ በተከበረው የመጀመሪያው ኩምብ፣ በዚሁ በማውኒ አማቫስያ ዕለት በተነሣ ግፊያ ብዙ መቶ ሰዎች ሞተዋል። በፌብሩዋሪ 10 ቀን 2013 በተመሳሳዩ ዕለት በከተማው የባቡር ጣቢያ በደረሰ መረጋገጥ ቢያንስ 36 ሰዎች አልቀዋል። በጃንዋሪ 29 ቀን 2025 ደግሞ ገና ሳይነጋ በወንዙ ዳር በተፈጠረ ግፊያ ባለሥልጣናት በዕለቱ 30 ሰዎች መሞታቸውንና 60 መቁሰላቸውን አስታውቀዋል። የመጨረሻው አደጋ የደረሰበት መንገድ በተለይ ልብ ሊባል ይገባዋል። ብዙ ምእመናን ቅዱሱን የንጋት ሰዓት ለመጠበቅ በውሃው ዳር ጋደም ብለው ነበር፤ ከኋላ የመጣው ሕዝብ ማገጃውን ሲጥሰው የተኙት ሰዎች ከእግር ሥር ቀሩ።

እንደዚህ ባለ አደጋ ሰው የሚሞተው በአብዛኛው ደረቱ ተጨምቆ መተንፈስ ስለሚያቅተው ነው። ከኋላ የሚገፋው ሰው ከፊት ያለው መንገድ መዘጋቱን አያይም፤ ከፊት ያለውም ወደ ኋላ መመለስ አይችልም። ስለዚህ አንደኛው መፍትሔ ከታላላቆቹ ቀኖች ሁለት ቀን በፊትና ሁለት ቀን በኋላ ከአካባቢው መራቅ ነው። ለሂንዱ ምእመን ቀኑ የእምነት ጉዳይ ነው፤ ሊያይ ለሚሄድ እንግዳ ግን ያንን ቦታ ለምእመኑ መተው በራሱ አክብሮት ነው።

ሳይታሰብ መሐል የተገኘ ሰው ማድረግ ያለበት ጥቂት ነገር አለ። ሁለት እጁን ደረቱ ፊት አጥፎ ለመተንፈሻ የሚሆን ክፍተት መጠበቅ፣ ከሕዝቡ ጋር አብሮ መሄድ፣ ግፊያው ጋብ ባለ ቁጥር በሰያፍ ወደ ጎን መውጣት፣ ከግድግዳና ከብረት ማገጃ መራቅ። የወደቀ ጫማ ወይም ስልክ ለማንሣት ማጎንበስ በፍጹም አይገባም። ልጅ ካለም ትከሻ ላይ ይሰቀል።

ሁሉም ሰው ወደሚሄድበት ነጥብ መሄድ

ሁለቱ ወንዞች የሚጋጠሙበት የአሸዋ ጫፍ «ሳንጋም ኖዝ» ይባላል። የ2025ቱ አደጋ የደረሰው በዚሁ አካባቢ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ባለሥልጣናቱ ምእመናኑ በአቅራቢያቸው ባለው መታጠቢያ እንዲታጠቡ ደጋግመው ተማጽነዋል። በያሙና ማዶ ያለው አራይል እና በጋንጋ ማዶ ያለው የጁንሲ ዳርቻ ከመገናኛው ብዙም ሳይርቁ እጅግ የተሻለ መተንፈሻ አላቸው።

መገናኛውን በቅርብ ማየት የሚሻ ሰው ሕዝብ በቀለለበት ቀን በጀልባ ይሂድ። ጀልባዎቹን የሚቀዝፉት በአብዛኛው የኒሻድ ማኅበረሰብ አባላት ናቸው። ከዳር ሆኖ የማይታየው ነገር እዚያ ይታያል፦ የጋንጋ ውሃ ደለል የተሸከመና ፈዘዝ ያለ፣ የያሙና ደግሞ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ስለሆነ ሁለቱ ወዲያው ሳይዋሐዱ ጎን ለጎን ሲፈሱ መስመራቸው ይለያል። በብርዱ ወራት ከሩቅ ሰሜን የሚመጡ ነጫጭ የውሃ ወፎች በጀልባው ዙሪያ ያንዣብባሉ፤ ለወፎቹ የሚበተን ምግብም ይሸጣል። ከመሳፈር በፊት ዋጋውን ለአንድ ሰው ነው ወይስ ለጀልባው ብሎ መጠየቅ፣ የተንሳፋፊ ሰደርያ መልበስ፣ ከልክ በላይ በተጫነ ጀልባ ላይ አለመውጣት ግድ ነው።

ለበዓሉ ሲባል በጋንጋ ላይ ብዙ ተንሳፋፊ ድልድዮች ይዘረጋሉ፤ በ2025 ሠላሳ ነበሩ። እነዚህ ድልድዮች በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ከመሆናቸውም በላይ ሕዝብ ሲበዛ ያለ ማስጠንቀቂያ ይዘጋሉ። ጠዋት በተሻገሩበት ድልድይ ማታ እመለሳለሁ ብሎ ማሰብ ሌሊቱን በማያውቁት ዳርቻ ሊያሳድር ይችላል።

ባቡር ጣቢያውን ከበዓሉ ውጭ አድርጎ ማየት

ብዙዎች ጥንቃቄያቸውን ለወንዙ ያደርጉና ጣቢያ ሲደርሱ ይዘናጋሉ። በፌብሩዋሪ 15 ቀን 2025 ግን 18 ሰዎች በመረጋገጥ የሞቱት ከመገናኛው ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በሚገኘው በኒው ዴልሂ ጣቢያ ነው። ወደ ፕራያግራጅ የሚሄድ ባቡር ለመሳፈር የተሰበሰበው ሕዝብ ስማቸው የሚመሳሰል ባቡሮች ማስታወቂያ ሲሰማ ግራ ተጋብቶ በደረጃው ላይ ተላተመ። የ2013ቱም አደጋ ከመሻገሪያ ድልድይና ከባቡር መሳፈሪያ ለውጥ ጋር የተያያዘ ነበር።

ስለዚህ ወንበሩ የተረጋገጠ ትኬት ቀደም ብሎ መያዝ፣ የባቡሩን ስም ብቻ ሳይሆን ቁጥሩን ጽፎ መያዝ፣ መሳፈሪያው ተለወጠ ሲባልም አለመሮጥ ያስፈልጋል፤ ባቡር ቢያመልጥ ሌላ ይመጣል። በዋና ዋና ቀኖች የፕራያግራጅ ማዕከላዊ ጣቢያ መግቢያ በአንድ በኩል፣ መውጫ በሌላ በኩል ብቻ ይሆናል። የሕንድ ባቡር ሰዓት ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እስከ 24 የሚቆጠር በመሆኑም ትኬቱ ላይ 00:30 የሚል ካለ ተጓዡ ጣቢያ መገኘት ያለበት በዋዜማው ማታ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር የለመደ ሰው እዚህ ላይ በቀላሉ ይሳሳታል። በጃንዋሪ ጭጋግ ባቡርም አውሮፕላንም ስለሚያዘገይ የመመለሻውን በረራ ከባቡሩ ማግስት መያዝ አይገባም።

ማደሪያን በዋጋ ብቻ መምረጥ

በዓሉ በ2025 የሰፈረበት ቦታ 4,000 ሄክታር ያህል ሲሆን በ25 ክፍሎች ተከፍሎ ራሱን የቻለ ጊዜያዊ አውራጃ ሆኖ ነበር። «በሜላው ግቢ ውስጥ» ተብሎ የተከራየ ድንኳን ከውሃው ብዙ ኪሎ ሜትር ሊርቅ ይችላል። በታላላቆቹ ቀኖች ተሽከርካሪ ስለሚታገድ ከከተማው ዳር ጀምሮ ሻንጣ ተሸክሞ በእግር መሄድ አይቀሬ ነው። ተከራዩ ድንኳኑ በየትኛው የወንዝ ዳርና በየትኛው ክፍል እንደሚገኝ፣ የትኛው ድልድይ እንደሚቀርበው አስቀድሞ ይጠይቅ። ባለ ጎማ ሻንጣ በአሸዋና በተነጠፈ ብረት ላይ አይሄድም፤ በጀርባ የሚታዘል ቦርሳ ይሻላል።

ብርዱን መናቅም የተለመደ ነው። ሕንድ ሲባል ሙቀት የሚታሰበው ሰው ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ይደነግጣል፤ የውሃ ዳሩ እርጥበትም ብርዱን ያከብደዋል። ይሁን እንጂ ድንኳን ውስጥ እሳት ማንደድም ሆነ ምግብ ማብሰል አይገባም። በጃንዋሪ 19 ቀን 2025 ከጋዝ ሲሊንደር በተነሣ እሳት በርካታ ድንኳኖች ተቃጥለዋል። ሸራውና መሬቱ ላይ የሚነጠፈው ገለባ በቀላሉ በእሳት የሚያያዙ ናቸው። ወፍራም ካልሲ፣ ኮፍያና ጋቢ ይበቃሉ።

ስለ ውሃው በግማሽ ማሰብ

ውሃው ለምእመኑ ቅዱስ ነው፤ ሦስት ጊዜ ይነከርበታል፣ ይጎነጨዋል፣ በጠርሙስ ሞልቶ ወደ ቤቱ ይወስደዋል። የሕንድ ማዕከላዊ የብክለት ቁጥጥር ቦርድ በ2025ቱ በዓል ወቅት በመገናኛው ከሰው ዓይነ ምድር የሚመጣ ባክቴሪያ ለመታጠቢያ ከተፈቀደው መጠን በላይ መገኘቱን ለአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ፍርድ ቤት አመልክቷል፤ የግዛቲቱ መንግሥት ግን ውሃው ለመታጠብ ተስማሚ ነው ብሎ ተከራክሯል። እንግዳው በዚህ ክርክር ዳኛ ሆኖ ምእመኑን መገሠጽ የለበትም፤ የራሱን ጤና መጠበቅ ግን ይችላል። ቁስል ያለበት ሰው አይግባ፤ የገባም ውሃውን አይዋጥ፤ ሲወጣ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ። ለመጠጥ የታሸገ ውሃ ይያዝ። የልብ ሕመም ያለበት ሰው በማለዳው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በድንገት መነከር የለበትም፣ ከታሰረው ገመድና ከማገጃው አልፎ መሄድም ዋና ለሚችል ሰው ጭምር የተከለከለ ነው። ሳሙናና ሻምፖ ይዞ መግባት ነውር ነው።

ሰውን እንደ ትርኢት መመልከት

ገላቸውን አመድ የተቀቡ፣ ልብስ የማይለብሱ የናጋ ባሕታውያን ለብዙ ጎብኚዎች የበዓሉ ምልክት ሆነዋል። እነርሱ የሚገኙባቸው የመነኮሳት ማኅበራት «አካራ» ይባላሉ፤ የታወቁት 13 ሲሆኑ ወደ ውሃው የሚወርዱበት ቅደም ተከተል በጥብቅ የተወሰነ ነው። በሰልፋቸው መንገድ መሐል መቆም ወይም ፎቶ ለማንሣት መሻገር ድፍረት ብቻ አይደለም፤ ባሕታውያኑ ወደ ውሃው በሩጫ ስለሚገቡ አደጋም ነው። በሰልፉ ፈንታ በሌላ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ሰፈራቸው ጎራ ማለት፣ ጫማ አውልቆ መሬት ላይ መቀመጥ፣ ፎቶውን አስፈቅዶ ማንሣት ይሻላል። ገንዘብ መስጠት የፈቃድ ነው። አካራዎቹ ከባሳንት ፓንቻሚ በኋላ ሰፈራቸውን ነቅለው ብዙዎቹ ወደ ቫራናሲ ስለሚያመሩ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት የሚሄድ ሰው ላያገኛቸው ይችላል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ስህተት የሚታጠቡ ሴቶችን ፎቶ ማንሣት ነው። አንዲት እናት ከውሃ ወጥታ የራሰ ሳሪዋን ስትለውጥ፣ ልጆቿ ሌላውን ሳሪ ግራና ቀኝ ይዘው ሲጋርዷት፣ ከዚያም እርጥቡን ጫፍና ጫፍ ይዘው በነፋስ ሲያደርቁት ማየት የተለመደ ነው። ያ ጊዜ የእርሷ ነው። በ2025 የሚታጠቡ ሴቶችን ምስል በማኅበራዊ ሚዲያ ባሰራጩ ገጾች ላይ ፖሊስ ክስ መሥርቷል። ድሮን ማብረርም ያለ ፈቃድ አይቻልም።

በአንጻሩ ጎብኚው ሳያያቸው የሚያልፉ ሰዎች አሉ። ካልፕቫሲ የሚባሉት ምእመናን፣ አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ የገጠር ሰዎች፣ ወሩን ሙሉ በድንኳን ተቀምጠው በቀን አንዴ እየበሉ፣ መሬት ላይ እየተኙ፣ ማልደው እየታጠቡ ይጸልያሉ። የበዓሉ እውነተኛ ባለቤቶች እነርሱ ይመስሉኛል። ጥምቀትን በውሃ ዳር አድሮ የሚያከብር ኢትዮጵያዊ ለዚህ ትጋት ባዕድ አይሆንም፤ ሆኖም «ልክ እንደ እኛ ጥምቀት ነው» ብሎ መደምደም ሁለቱንም በዓል ያሳንሳል። ጥምቀት የክርስቶስን መጠመቅ ያስባል፤ እዚህ ያለው ምእመን ደግሞ ኃጢአቱ ታጥቦ ከመወለድና ከመሞት ዑደት ነፃ መውጣትን ይሻል።

ሥጋ የሌለውን ሁሉ ጾም መስሎት መብላት

በበዓሉ ግቢ ሥጋም መጠጥም የለም። በብዙ ሰፈሮች ለመጣ ሁሉ በነፃ የሚቀርብ ማዕድ አለ፤ በረድፍ መሬት ላይ ተቀምጦ በቀኝ እጅ ይበላል፣ የቀረበውን መተው አያስመሰግንም። ረቡዕና ዓርብን ወይም ዐቢይ ጾምን የሚጾም ተጓዥ ግን ምግቡ በቅቤ፣ በወተትና በእርጎ የተሠራ ሊሆን እንደሚችል ይወቅ፤ ሻዩም ከወተት ጋር የፈላ ነው። ቅቤና ወተት እንዳይጨመርበት አስቀድሞ መናገር፣ ወይም ፍራፍሬ፣ የተቆላ ሽምብራና ለውዝ መያዝ ይጠቅማል።

በስልክ እንገናኛለን ብሎ መለያየት

ሚሊዮኖች በአንድ ቦታ ሲሰበሰቡ ስልክ አይሠራም፤ ቢሠራም ባትሪው ያልቃል። የገጠሩ ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፦ ሴቶቹ የሳሪያቸውን ጫፍ አንዱን ከሌላው ጋር ቋጥረው ይሄዳሉ፣ የመንደሩ መሪ ደግሞ በረጅም ዘንግ ላይ ባለ ቀለም ጨርቅ አስሮ ከፊት ይቀድማል። ከ1946 ጀምሮ የጠፉ ሰዎችን በድምፅ ማጉያ እየጠራ ከቤተሰብ የሚያገናኝ የበጎ ፈቃደኞች ሰፈር በበዓሉ ሲሠራ ቆይቷል፤ ዛሬ በኮምፒውተር የታገዙ ማዕከሎችም ተጨምረዋል። አብረው የሚሄዱ ሰዎች በገቡበት ቀን የመገናኛ ቦታና ሰዓት ይወስኑ፤ ቦታውም ከሩቅ የሚታይ ቋሚ ነገር፣ ለምሳሌ ቁጥር የተጻፈበት የመብራት ምሰሶ፣ ይሁን። የልጅና የአረጋዊ ኪስ ውስጥ የድንኳኑ ክፍልና ስልክ ቁጥር በሂንዲ የተጻፈበት ወረቀት ይቀመጥ፤ የማደሪያው ሠራተኛ በደቂቃ ይጽፈዋል። የጠፋ ሰው ደግሞ ወገኖቹን ፍለጋ ወዲያ ወዲህ ከሚል ባለበት አካባቢ ወዳለ ፖሊስ ወይም በቅርቡ ወደሚገኝ የጠፉ ሰዎች ማዕከል ሄዶ ስሙ በድምፅ ማጉያ እስኪጠራ ይጠብቅ።